ተቆጣጣሪውን የዞሩ ከዋክብት

ስለ ሰማዩ መሃል የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ቆሎ በመብላት ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ሆሳዕና ገበያ መግቢያ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የምትጠቀልልበትን ወረቀት ከየት እንደምታገኝ አላውቅም፤ አንድ ቀን የቢሮ ቅጽ ነው፣ ሌላ ቀን የተማሪ ደብተር፣ አንዳንዴም የፈረንጅ መጽሔት። አንድ ቅዳሜ ገብሱን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የከዋክብት ወሬ ሆኖ አገኘሁት። ፍኖተ ሐሊብ የምንለው፣ ሰማዩን እንደ ፈሰሰ ወተት አቋርጦ የሚታየው የከዋክብት ክምችት፣ መሃሉ ላይ አንድ የማይታይ ነገር ሳይኖር አይቀርም ይላል። ክብደቱ የሚሊዮን ፀሐይ ያህል ነው፤ ስቦ ያስገባውን ብርሃን እንኳ መልሶ አይለቅም። ሊቃውንቱ «ጥቁር ጉድጓድ» ይሉታል። ወደዚህ ነገር በጣም የቀረቡ ከዋክብት እንዴት አድርገው እንደሚዞሩት ሊነግረኝ ሲጀምር ወረቀቱ አለቀ።

ተመልሼ ሄድኩ።

«እናቴ፣ የዚህ መጽሔት ቀሪው አለሽ?»

«አለ።»

«ስጪኝ እስቲ።»

«እኔ የምሸጠው ቆሎ ነው፤ ወረቀት አልሸጥም።»

«ቆሎውን ተዪው፣ ወረቀቱን ብቻ...»

«ወረቀቱን ወስደህ እኔ ነገ በምን ልጠቅልል? በእጄ?»

ቆሎ ገዛሁ፣ በላሁ፣ አነበብኩ፤ ደግሞ ገዛሁ፣ በላሁ፣ አነበብኩ። ሴትዮዋ ወረቀት የምታነሣው ሁልጊዜ ከላይ ስለ ነበር ገጾቹ በተራቸው ደረሱኝ፤ ለዚህ ሥርዓቷ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። መንጋጋዬ ሊወልቅ ደርሶ አንድ ገጽ ብቻ ሲቀረኝ፣ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ ቀደመኝና ገዝቶ እየቆረጠመ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ጠመንጃ የያዘን ሰው ወረቀትህን ስጠኝ አይባልም። ስለዚህ የጽሑፉን መጨረሻ አላውቅም።

ዋናውን ሐሳብ ግን ይዣለሁ። ወደ መሃሉ የቀረበ ኮከብ በጣም ይፈጥናል፤ የራቀው ዝግ ይላል። መሃል ያለው ነገር በዓይን አይታይም፤ መኖሩ የሚጠረጠረው በዙሪያው ካሉት ሩጫ ነው። ሊቃውንቱም ገና በጥርጣሬ ላይ ነበሩ እንጂ እነዚያን ከዋክብት አንድ በአንድ ሲዞሩ አላዩአቸውም። እኔም ከእነሱ ጋር መጠርጠር ጀመርኩ።

የመጀመሪያ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ከተማ ነው፤ አባቴ ከሰሜን መጥተው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው። የተመደብኩት ግን ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የጨረሱ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ተፈጥሮ የሚያወሱ ትንንሽ መጻሕፍት ይላኩ ነበር። በተፈጥሮው መጽሐፍ ውስጥ ለሰማይ የተሰጠው ስድስት ገጽ ነው። እኔ ስድስት ገጽ ለሰማይ ያንሳል ብዬ አምን ነበር።

የሙከራ ዓመቴ ሊያልቅ ሲል ከሆሳዕና ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ተነገረኝ። የጎልማሶቹን ክፍል አይቶ ከወደደ ቋሚ መምህር እሆናለሁ፤ ካልወደደ ወደ ቆላ ተዛውሬ የሙከራውን ዓመት እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከእኔ በፊት ወደዚያ ቆላ የሄደ መምህር በወባ ከስቶ ሲመለስ የገዛ እናቱ በር ላይ አቁማ «ማንን ፈልገህ ነው?» እንዳለችው ይወራል። እናቴ እንዲያ እንድትለኝ አልፈለግሁም። ቋሚ መሆን ነበረብኝ።

«ምን ልታስተምር አሰብክ?» አሉኝ ርዕሰ መምህራችን። ጠንቃቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ በሩን ያያሉ።

«በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚሮጡ ከዋክብትን።»

በሩን አዩ። «መጽሐፉ ላይ ስንተኛ ገጽ ነው?»

«መጽሐፉ ላይ የለም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

«ከቆሎ...» ብዬ ተውኩት።

«ልጄ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አቆፋፈር አስተምር። እሱ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ስዕል ጭምር አለው።»

«የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሠርቻለሁ እኮ» ስላቸው ግን ፊታቸው ለዘብ አለ። ተቆጣጣሪዎች በሚይዙት ቅጽ ላይ «ከአካባቢ ቁሳቁስ የተሠራ የትምህርት መርጃ» የሚል መስመር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ያ መስመር ስንቱን መምህር አድኗል።

መርጃዬ እንዲህ ነበር። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ መሬቱ በተስተካከለበት ቦታ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ እንጨት ተከልኩ። ከአሮጌ ባልዲዎች እጀታ ስድስት የሽቦ ቀለበት ሠርቼ እንጨቱ አናት ላይ አጠለቅሁ፤ እያንዳንዱ ቀለበት ለብቻው ይሽከረከራል። በየቀለበቱ አንዳንድ የቃጫ ገመድ አሰርኩ። ቃጫው እዚያው መንደር ከእንሰት የተፋቀ ነው፤ የአካባቢ ቁሳቁስ የሚባል ነገር ካለ ከዚህ አይበልጥም። አጭሩ ገመድ አራት እርምጃ፣ ቀጣዩ ስድስት፣ እያለ የመጨረሻው አሥራ አራት እርምጃ ይሆናል። በየገመዱ ጫፍ አንድ ተማሪ ይይዛል። ተማሪው ኮከብ ነው፤ እንጨቱ ያለበት ቦታ ጥቁሩ ጉድጓድ ነው። አጭር ገመድ የያዘ ይሮጣል፣ ረጅም የያዘ በዝግታ ይሄዳል። የውጭዎቹ ገመዳቸውን ከራሳቸው በላይ ያነሣሉ፤ የውስጦቹ በሥሩ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ለክቼ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ስዬው ነበር።

ከዋክብቱን የመረጥኩት በጥንቃቄ ነው። ለአጭሩ ገመድ ከክፍሉ ሁሉ ቀልጣፋ የሆነችውን አንዲት ወጣት ባለትዳር መደብኩ። በቃል አንድም ቀን መልሳልኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ጥግ ላይ ነው የምትቀመጠው። ጽሑፏ ግን እንከን የለውም። በማስታወሻዬ ላይ «ዓይን አፋር፤ ጎበዝ» ብዬ ጽፌላታለሁ። ለሁለተኛው ገመድ ከፊት ወንበር የማይጠፉትን ባለ ቡሉኮ አዛውንት መደብኩ። ሦስተኛዋ ፎንቆ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። የቀሩት ሦስቱ ገበሬዎች ናቸው።

በመጀመሪያው ልምምድ «ከዋክብት፣ ዙሩ!» አልኩ። ዞሩ። ወጣቷ እንደ ሚዳቋ ተነሣችና ግማሽ ዙር ሮጣ ከአዛውንቱ ኋላ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። እሳቸው ሲራመዱ ትራመዳለች፤ እሳቸው ሲቆሙ ትቆማለች።

«እለፊ!» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እለፊ እንጂ እህቴ! ለመሃሉ የቀረብሽው አንቺ ነሽ፤ የሚስብሽ ኃይል ከእሳቸው ይልቅ ይበረታል፤ ስለዚህ...» እያልኩ የስበትን ሕግ ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ረዘም ያለ ማብራሪያ ነበር። ስጨርስ አሁንም እዚያው ናት። አዛውንቱም ዘወር ሳይሉ፣ ኋላቸው ማንም እንደሌለ ሰው፣ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ቅቤ ነጋዴዋ ሳቋን ለቀቀችው። «መምህር፣ አንተ ሰማዩን ታውቀዋለህ፤ ምድሩ ላይ ግን ገና አልደረስክም! አማቷ ናቸው እኮ!»

«ማን?»

«እሳቸው! የእሳቸውን ልጅ ነው ያገባችው፤ አንድ ግቢ ነው ያሉት። ምራት አማቷን ቀድማ ታልፋለች? ፊት ለፊቱስ ታቋርጣለች? አንተ አገር ያደርጉታል?»

«እኔም እኮ አገሬ ሆሳዕና ነው» አልኩ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ፣ በፊቱ ድምፅዋን እንደማታሰማ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ከከዋክብት ጋር ግን አያይዤው አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሳስተምራቸው የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸውን አላወቅሁም። እንዴት ልወቅ? አንዳቸውም ስለ ሌላው ትንፍሽ አይሉም።

መላ ፈለግሁ። በሁለተኛው ልምምድ ቦታቸውን አቀያየርኩ፤ አዛውንቱ አጭሩን ገመድ ያዙ፣ እሷ ከኋላ ሆነች። አዛውንቱ ደስ አላቸው፤ ለመሃሉ ቅርብ መሆን ክብር ነው ብለው ቡሉኳቸውን አስተካከሉና ለቀብር እንደሚሄድ ሰው በዝግታ መራመድ ጀመሩ።

«አባባ፣ ይሩጡ እንጂ!»

«ለምን?»

«ጉድጓዱ ይስብዎታላ።»

«እኔን ማንም አይስበኝም።»

«አባባ፣ የፀሐይ ሚሊዮን እጥፍ የሚከብድ ነገር እኮ ነው።»

«ይክበድ። እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ከባድ ሰው አይቻለሁ፤ ሮጬለት አላውቅም።»

በዚህ ዓይነት ከሁሉም የቀረበው ኮከብ ከሁሉም የዘገየ ሆነ፤ የተፈጥሮ ሕግ በአንድ ቡሉኮ ተሻረ። በሦስተኛው ልምምድ እሷን ወደ አጭሩ ገመድ መለስኩ፤ እሳቸውን ደግሞ ከሁሉም ውጭ፣ በአሥራ አራት እርምጃ ገመድ፣ በዝግታ የሚሄድ ኮከብ አደረግኋቸው። «ይኼ የሽማግሌ ኮከብ ነው» ብለው ተቀበሉት። በመካከላቸው አሥር እርምጃ ስላለ እሷም ማለፍ ትችላለች ተባለ፤ ብቻ በእሳቸው ትይዩ ስትደርስ በዚያ በኩል ነጠላዋን በፊቷ ላይ ትጥላለች። ይህን ደግሞ «ግርዶሽ» ብዬ በወረቀቴ ላይ ጻፍኩት። አሁን ሁሉም ነገር ከሳይንስም ከባህልም ጋር ተስማማ። ያን ቀን በደስታ ለልጆቹም ክፍል አስረዳሁ፤ እረፍታቸው መሆኑን የነገሩኝ በኋላ ነው።

ተቆጣጣሪው የመጡት ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ካኪ ልብስ የለበሱ ሰው ነበሩ፤ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ርዕሰ መምህሩ ከፊታቸው እየሄዱ ጠጠር በእግራቸው ይጠርጉላቸዋል። እኔ ወንበራቸውን በሜዳው ዳር፣ ሁሉም በሚታይበት ቦታ፣ በኖራ ምልክት አድርጌ አዘጋጅቼ ነበር። የተማሪዎቼን ስም እየጠራሁ ሳለሁ ቀና ስል ወንበሩ ምልክቱ ላይ የለም።

አዛውንቱ ተሸክመውት ሜዳውን እያቋረጡ ነው።

«አባባ! ወዴት ነው?»

«እንግዳ ዳር ላይ ይቀመጣል እንዴ?» አሉና ወንበሩን መሃል ላይ፣ ጀርባውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው አኖሩት። ሁሉን ለክቻለሁ ብያለሁ፤ የለካሁት ግን ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ልምምዱም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ያልቅ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሜዳው ዳር ያለው የዝግባ ዛፍ ጥላ በትክክል እንጨቱ ላይ ያርፋል። ከሜዳው ሁሉ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ሮጬ ሄጄ በሹክሹክታ «አባባ፣ ይኼ እኮ ጥቁሩ ጉድጓድ ነው!» አልኳቸው።

«ጥላ ነው» አሉ። «ይቀመጡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ።»

ተቆጣጣሪው ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩን በዓይኔ ለመንኩ፤ እሳቸው ቀርበው ክንዴን ቆነጠጡና «እንግዳን ተነሥ ብለህ ቆላ መውረድ ነው የፈለግከው?» አሉኝ በጥርሳቸው መካከል።

«ይህ እንጨት ምንድን ነው?» ሲሉ ተቆጣጣሪው ጠየቁ።

«የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው፤ ከአካባቢ ቁሳቁስ የተሠራ።»

ቅጹ ላይ ምልክት አደረጉ። ያቺን ምልክት ሳያት ልቤ ደፈረ። ምናልባት ገመዶቹ ከተቆጣጣሪው ራስ በላይ ያልፉ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እዚህ ላይ ስህተቴን በግልጽ ማስረዳት አለብኝ፤ እንጨቱ እስከ ወገብ ነው፣ የተቀመጠ ሰው ደረት ደግሞ በዚያው ልክ ነው።

«ከዋክብት፣ ዙሩ!»

በመጀመሪያው ዙር የወጣቷ ገመድ ደረታቸው ላይ አረፈ። ተቆጣጣሪው ወደ ታች አዩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገመድ ተከተሉ። ገመድ በሰው ላይ ሲጠመጠም እንደሚያጥር የታወቀ ነው፤ ገመዱ ሲያጥር ኮከቡ ወደ መሃል ይጠጋል፤ እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ የከረምኩት «ወደ መሃል የቀረበ ይፈጥናል» እያልኩ ነው። ተማሪዎቼ ሕጉን ያውቃሉ። እየተጠጉ ሄዱ፤ በተጠጉ ቁጥር ፈጠኑ፤ በፈጠኑ ቁጥር ተጠጉ።

«ቁሙ!» አልኩ። ቅቤ ነጋዴዋ ግን በሙሉ ድምፅዋ «ቀረብን! ፍጠኑ!» እያለች ሌሎቹን ትመራለች። ከዳር ሆነው የሚያዩት ተማሪዎች ያጨበጭባሉ። እኔን ማንም አይስበኝም ያሉት አዛውንት ገመዳቸው ከአሥራ አራት እርምጃ ወደ አምስት ሲያጥርባቸው መጀመሪያ እርምጃቸውን አሰፉ፤ ከዚያ ቡሉኳቸውን በአንድ እጅ ጠቅልለው ዱብ ዱብ ማለት ጀመሩ።

ተቆጣጣሪው እስከ አገጫቸው ቃጫ ሆነዋል። ቦርሳቸውም አብሮ ታስሯል። «ጓድ መምህር» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጓድ መምህር።»

በዚህ ጊዜ ወጣቷ ቀና ስትል አማቷ በክንድ ርቀት ላይ ናቸው። ግርዶሹን ሙሉ አደረገችው፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ባለችበት ቆመች። ቅቤ ነጋዴዋ መጥታ ተላተመችባት፤ ገበሬዎቹ በቅቤ ነጋዴዋ ላይ፤ ሁሉም ተያይዘው ተቆጣጣሪው ጉልበት ላይ ወደቁ። አዛውንቱ ብቻ ገመዳቸውን ለቀው በጊዜ ቆሙ።

ርዕሰ መምህሩ ዝግባው ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ በዚያ ዘመን ጸሎት በመሥሪያ ቤት ሰዓት አይመከርም ነበር፤ እሳቸው ግን የባሰ ነገር መጥቶባቸዋል።

«ወደ ኋላ ዙሩ» አልኩ። ዞረው ፈቷቸው። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን ከመሬት አንሥተው ጠረጉና እንዲህ አሉ።

«መሃል ያለው፣ እኔ የተቀመጥኩበት፣ ምንድን ነበር?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ፣ እንዳስተማርኩት፣ «ጥቁር ጉድጓድ! የቀረበውን ሁሉ ይውጣል! የገባ አይወጣም!» ሲል መለሰ።

ርዕሰ መምህሩ አቃሰቱ።

«ይታያል?»

«አይታይም!»

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞሩ። «ጓድ መምህር፣ እኛ ሕዝቡን አድባር ተው፣ ጠንቋይ ተው፣ የማይታይ ነገር አትፍራ እያልን እናስተምራለን። አንተ መጥተህ የማይታይ ነገር አለ፣ ሰው ይውጣል ትላቸዋለህ። ይህ ከአድባር በምን ይለያል?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!» አልኩና አየር ሳብኩ።

«አንተ አትመልስም። አንተ ከመለስክ እነሱ መማራቸውን በምን አውቃለሁ? ከተማሪዎቹ አንዱ ይንገረኝ። ያልታየ ነገር መኖሩን በምን አወቃችሁ? አንድ ሰው በቅጡ ካስረዳኝ አልፈሃል። ካላስረዳኝ ግን...» ብለው ቅጹን አጠፉት።

በሕይወቴ ውስጥ እንደዚያ ያለ ስቃይ አላስታውስም። መልሱ አፌ ውስጥ አለ፤ በሦስት ክፍል ከፋፍዬዋለሁ፤ መናገር ግን አልችልም።

አንዱ ገበሬ እጁን አወጣ። «መምህር ስለ ነገረን።»

«ሌላ።»

«ወረቀት ላይ አለ» አለች ቅቤ ነጋዴዋ። «በቆሎ መጠቅለያ ላይ። እሱ ራሱ ነው ያለን።»

ተቆጣጣሪው ቀስ ብለው አዩኝ። የቆላው ሙቀት ከወዲሁ ፊቴ ላይ ተሰማኝ።

መልሱን በእርግጠኝነት የምታውቀው አንዲት ሰው ናት። ባለፈው ሳምንት ስለዚሁ ጥያቄ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋልኛለች። እሷም ከኋላ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አማቷ አሉ፤ ድምፅዋን ልታሰማ አትችልም። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። ሁላችንም አየናት።

አዛውንቱም አይተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቀስታ ወደ ዝግባው ሄዱና ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ቡሉኳቸውን ከራሳቸው በላይ ጎትተው ሙሉ በሙሉ ተከናነቡ።

«እኔ የለሁም» አሉ ከውስጥ። «ቀጥሉ።»

ተቆጣጣሪው «ሽማግሌው ምን ሆኑ?» አሉ።

«የሉም!» አለ ክፍሉ።

ወጣቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ ቀጭን ነው ብዬ ስጠብቅ ወፍራምና የረጋ ነበር። አማርኛዋን ቃል በቃል እየመረጠች ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እኔ ከምንጭ ውሃ ይዤ ስመለስ፣ የቤታችን ትልቅ ሰው እቤት ውስጥ መኖር አለመኖሩን ገና ከአጥሩ አውቃለሁ። እሱን አላየውም። ቤቱ ጨለማ ነው፤ በሩም ጠባብ ነው።»

«ታዲያ በምን ታውቂያለሽ?»

«በሌሎቹ ነው የማውቀው። እሱ ከሌለ ሕፃናቱ በሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ባሌም በሩ ላይ ይተኛል። እሱ ካለ ግን በአጥሩ በኩል ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በሩ አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ቶሎ ያልፋል፤ ከበሩ ሲርቅ ደግሞ እንደገና ቀስ ይላል። ባሌ እንኳ እንደዚያ ነው። ዶሮዋም በሩ ላይ አትቆምም። እኔ እነሱን አይቼ እሱ አለ እላለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። አድባር ግን...» ትንሽ አሰበች። «አድባሩ ያለበት ዛፍ አጠገብ ዶሮዋ ትቆማለች።»

ከቡሉኮው ውስጥ «ዶሮዋ እኔም በር ላይ ትቆማለች!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ማነው የተናገረው?» አሉ ተቆጣጣሪው።

«ማንም!» አለ ክፍሉ።

ተቆጣጣሪው ቡሉኮውን አዩ፤ ወጣቷን አዩ፤ በቡሉኮውና በተማሪዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አዩ። ለካ ማንም ሳያዘው ሁሉም ከዝግባው ስምንት እርምጃ ያህል ርቆ በግማሽ ክብ ቆሟል። ተቆጣጣሪው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው። ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው ቅጹን ዘረጉና መጻፍ ጀመሩ።

«በል አሁን መናገር ትችላለህ» አሉኝ ሳያዩኝ።

ሦስቱንም ክፍል ለቀቅሁት። ልጅቱ የተናገረችው ለምን ትክክል እንደሆነ፣ የጉድጓዱ ክብደት ከከዋክብቱ ፍጥነት እንዴት ሊሰላ እንደሚችል፣ ገመዱ ማጠሩ ስህተት ቢሆንም በሳይንስ ዓይን ጠቃሚ ስህተት መሆኑን አስረዳሁ። ተቆጣጣሪው ተነሡ፤ እኔም እያስረዳሁ ተከተልኩ። ሜዳውን አቋረጡ፤ አስረዳሁ። አንድ ጊዜ ቆም ብለው እጄን ጨብጠው የሆነ ነገር አሉኝ፤ በዚያን ሰዓት ከሰማዩ መሃል የሚነሣ ብርሃን እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ሺህ ዓመት እንደሚፈጅበት እየነገርኳቸው ስለ ነበር አልሰማሁም። ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ፤ በገጠር ያለ ምክንያትም እልል ይባላል ብዬ ቀጠልኩ። መኪናው ውስጥ ገቡ። በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አስረዳሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

መኪናው ሲርቅ ርዕሰ መምህሩ ላብ በላብ ሆነው አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ምን የሚሉ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«እንዴት ምን የሚሉ?»

«ስለ ቋሚነቴ ነዋ። ሳይነግሩኝ ሄዱ እኮ።»

በሩን አዩ፤ ሜዳ ላይ ስለሆንን በር የለም፤ ቢሆንም ዞር ብለው አዩ። «ሰውየው እጅህን ጨብጠው እንኳን ደስ ያለህ፣ ቋሚ ሆነሃል ብለውህ የለም እንዴ? አገር ምድሩ እኮ ሰምቶ እልል አለልህ!»

«መቼ?»

«ስለ ብርሃን ስትለፈልፍ!»

ከኋላችን ቅቤ ነጋዴዋ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ መንገዱ ደርሳ ነበር። «መምህር፣ ስድስት ጊዜ ነው ጮኸን የነገርንህ» አለች። «አንተ ግን የለህም ነበር።»

መኪናው ገና መታጠፊያው ጋ አልደረሰም። አመሰግናለሁ ልላቸው ተከትዬ ሮጥኩ፤ የጽሑፉ የመጨረሻ ገጽ እንዳልደረሰኝም በሐቀኝነት ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን በኮቴ ጅራት ይዘው አስቀሩኝ።